ፓሪስ ለምንሄድ እንግዶች



ከፔካ 12 ተነስተን ልጆቻችንን ለመጠየቅ ወይም ለሕክምና ፓሪስ የምንሄድ አለን። እዚያ ስንደርስ ባቡሩን ፈርተን ሁሉን ነገር በታክሲ እንላለን፤ ለመድኃኒት የያዝነው ገንዘብ በዚያው ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2025 ከሻርል ደጎል አውሮፕላን ማረፊያ ከሴን ወንዝ በስተሰሜን እስካለው የከተማው ክፍል የታክሲ ቁርጥ ዋጋ 56 ዩሮ ነበር፤ «ኤር ኧ ኤር ቤ» የሚባለው ባቡር 13 ዩሮ።

እዚህ የባሱ ረዳት የመጨረሻውን ቦታ እየጠራ ይጭነን የለ? የፓሪስ ሜትሮም አቅጣጫው የሚታወቀው በመጨረሻው ጣቢያ ስም ነው፤ የሚጠራልን ግን የለም። ስለዚህ ልጆቻችን የሰፈራቸውን ጣቢያ ብቻ ሳይሆን የመስመሩን ቁጥርና የመጨረሻውን ጣቢያ በፈረንሳይኛ ጽፈው ይላኩልን።

ናቪጎ ኢዚ የሚባለው ካርድ 2 ዩሮ ነው። ባልና ሚስት በአንድ ካርድ አብረው መግባት አይችሉም፤ ለየራስ ነው። የሜትሮ ትኬትም ለአውቶቡስ አያገለግልም። የሳምንቱ ክፍያ ፎቶግራፍ ባለው ሌላ ካርድ ሲሆን፣ ከሰኞ እስከ እሑድ ብቻ ይሠራል። ሰኞ ለደረሰ ያዋጣል፣ የአውሮፕላን ማረፊያውንም ባቡር ይጨምራል፤ ሐሙስ ለደረሰ ግን አራት ቀን ብቻ ነው።

ሜትሮው በ1900 ሥራ የጀመረ ስለሆነ አብዛኛው ጣቢያ ደረጃ እንጂ ሊፍት የለውም። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናቶች አውቶቡስ ይሻላል። ለመውረድ ቁልፉን መጫን ነው፤ «ወራጅ አለ!» ብንል የሚሰማን የለም።