ዐሥሩ መጻሕፍትና ዐሥሩ ዓመታችን
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ በትምህርትና ባህል ክፍል የቀረበ ንግግር)




የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ቪዲዮ ሥራችን አጠር ያለ ንግግር እንድናቀርብ ስለጋበዘን ከልብ እናመሰግናለን።

አብዛኞቻችሁ እንደምታውቁት፣ ክፍላችን አንድ ጥንታዊ የፍልስፍና መጽሐፍ በአማርኛ እያብራራ በዩቲዩብ ያቀርባል። መጽሐፉ አሪስቶትል ስለ ሥነ ምግባር ያስተማረበትና «የኒቆማኮስ ሥነ ምግባር» እየተባለ የሚጠራው ነው። ኒቆማኮስ የአሪስቶትል አባትም፣ የወንድ ልጁም ስም ነው። አሪስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ384 ዓመት በስታጊራ ከተማ ተወልዶ፣ በአቴና በፕላቶን ትምህርት ቤት 20 ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ኋላም የራሱን ትምህርት ቤት ያቋቋመ ሰው ነው። ሥራው በ10 መጻሕፍት የተከፈለ ስለሆነ፣ እኛም ለእያንዳንዱ አንድ ቪዲዮ መደብን።

«የግሪክን ፍልስፍና ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» ብለው የጠየቁን አባላት አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የግሪክ ጠቢባን ለአገራችን እንግዳ አይደሉም። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አባ ሚካኤል ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት «መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን»፣ እንደ ሶቅራጥስ ባሉ ጠቢባን ስም የሚነገሩ ምክሮችን ይዟል። ስለዚህ የጀመርነው አዲስ መንገድ ሳይሆን አባቶቻችን የሄዱበትን ነው።

ሥራችን የሚጀመረው ከንባብ ነው። ሁለት የእንግሊዝኛ ትርጉሞችን አስተያይተን እናነባለን፤ ከዚያ ጽሑፉን በአማርኛ እናዘጋጃለን፤ ቀጥሎም ለታላላቆቻችን ጮክ ብለን እናነብላቸዋለን። በጆሮ ሲሰማ የሚያደናቅፍ ዐረፍተ ነገር ካለ ካሜራው ሳይከፈት ይስተካከላል። ቀረጻውንና ቅንብሩን የሚሠሩት እዚሁ ተወልደው ያደጉት ልጆቻችን ናቸው።

ከሁሉ የከበደን የቃላት ጉዳይ ነው። አሪስቶትል የሰው ልጅ ሁሉ የሚሻውን የመጨረሻ ግብ «ኤውዳይሞኒያ» ይለዋል። የእንግሊዝኛ ተርጓሚዎች ብዙውን ጊዜ «ደስታ» በሚል ቃል ይመልሱታል። በእኛ ቋንቋ ግን ደስታ ሠርግ መጥቶ ሠርግ ሲያልቅ የሚያልፍ ስሜት ነው። «መልካም ኑሮ» ብንልም ደመወዝና ቤት ይመስላል። በዚህ ስንከራከር አንዲት እናታችን «ሰው ሆኖ መኖር ማለቱ አይደለም እንዴ?» አሉን። የአሪስቶትልም ክርክር ይኸው ነው፤ የሰው ግብ የሚታወቀው የሰው ልዩ ሥራው ምን እንደሆነ ሲታወቅ ነው ይላል። ቃሉን ከእርሳቸው ወሰድን።

በ2ኛው መጽሐፍ ያለውን የመካከለኛ መንገድ ትምህርት ለማስረዳት ቋንቋችን ረድቶናል። ልግስና በንፍገትና በአባካኝነት መካከል ነው ስንል ማንም ይገባዋል። «ድፍረት» ግን በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ስድብ ስለሆነ «ጀግንነት» አልን፤ እርሱም በፍርሃትና በግብታዊነት መካከል ይቆማል። መካከለኛ ማለት ለሁሉ እኩል ማለት አለመሆኑንም አስረድተናል። ለታጋይ የሚበቃው ምግብ ትግል ለጀማሪ ይበዛበታል፤ ልኩ እንደ ሰውዬው ነው። ይህም ልክ የሚገኘው በልምምድ ነው፤ ክራር ደርዳሪ የሚኮነው በመደርደር እንደሆነ ሁሉ፣ ደግ የሚኮነውም ደግ በማድረግ ነው።

ሁለት ቦታ ላይ ግን ከመጽሐፉ ጋር ተጋጭተናል። አንደኛው ትሕትና ነው። አሪስቶትል ታላቅ ክብር የሚገባው ሆኖ ሳለ ራሱን የሚያሳንስን ሰው እንደ ጎደሎ ይቆጥረዋል። በክርስትናም ሆነ በእስልምና ትሕትናን ስንማር ላደግን ሰዎች ይህ ይከብዳል። ሁለተኛው ይብሳል። በ8ኛው መጽሐፍ ባሪያን ነፍስ ያለው መሣሪያ ይለዋል፤ «ፖለቲካ» በተባለው መጽሐፉም አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሯቸው ባሮች ናቸው ይላል።

ይህን ክፍል ዝለሉት ያሉን ነበሩ፤ ልጆቹ መጽሐፉን ይንቁታል የሚል ሥጋት ነበራቸው። እኛ ግን አልዘለልነውም። በአገራችንም ባርነት በዐዋጅ የተሻረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1942 ነው። የሌላውን ነውር እየሸፈንን የራሳችንን እንዴት ልንመለከት እንችላለን? ደግሞም አሪስቶትል እዚያው ላይ፣ ከባሪያ ጋር በባርነቱ ወዳጅነት አይኖርም፣ በሰውነቱ ግን ሊኖር ይችላል ይላል። ልጆቻችን ወዲያው «ሰው ከሆነማ እንዴት ባሪያ ይሆናል?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄውን እንዳለ በቪዲዮው ውስጥ አስገባነው። አንድን መጽሐፍ ማክበር ማለት የሳተበትን ጭምር ማሳየት ነው ብለን እናምናለን።

ለዛሬው በዓል የሚስማማው ግን ስለ ወዳጅነት የሚናገሩት 8ኛውና 9ኛው ናቸው። ከ10 መጻሕፍት ሁለቱን ሙሉ ለወዳጅነት መስጠቱ የነገሩን ክብደት ያሳያል። ወዳጅነትን በሦስት ይከፍለዋል፤ ለጥቅም የሆነ፣ ለደስታ የሆነ፣ በመልካም ጠባይ ላይ የቆመ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጥቅሙ ወይም ጨዋታው ሲያልቅ አብረው ያልቃሉ። ሦስተኛው ግን ጊዜ ይጠይቃል፤ ሰዎች አብረው ብዙ ጨው ሳይበሉ አይተዋወቁም የሚለውን ተረት ይጠቅሳል።

ታዲያ የእኛ ማኅበር ከሦስቱ የትኛው ነው? ሥራ ፍለጋ፣ ወረቀት ለማስተርጐም፣ ሐዘን ሲደርስ ለመረዳዳት መሰባሰባችን ጥቅም ነው፤ የሚያሳፍርም አይደለም። በዓል ማክበራችንም ደስታ ነው። ነገር ግን ወረቀቱን ያገኘ፣ ሥራው የተቃናለት አባል እየቀረ ሲሄድ ዝም ካልን፣ ማኅበራችን ከመጀመሪያው ዐይነት አልወጣም ማለት ነው። ያልፈለገንን ሰው ፈልገን ስንጠይቀው ነው ወደ ሦስተኛው የምንጠጋው። ዐሥር ዓመት ጨው ለመብላት የሚበቃ ጊዜ ነውና፣ እያንዳንዳችን በዚህ ሳምንት አንድ የራቀ አባል እንድንደውልለት አደራ እንላለን።

በመጨረሻም፣ ታላላቆቻችን አማርኛችንን ማረማችሁን፣ ወላጆች ልጆቻችሁን መላካችሁን እንዳትተዉ እንለምናለን። መጪው ዘመን አብረን ሰው ሆነን የምንኖርበት ይሁንልን።