ለቃሚው የሚያድርበት ቦታ በካርታው ላይ

በደቡብ ምዕራቧ ሚዛን አማን ከተማ ሌሊት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ አስፋልት ዳር በብሎኬት ቤት የተኛውም ሆነ ኮረብታው ሥር በጭቃ ቤት የተኛችው አንድ ዝናብ ነው የሚሰሙት። ሲነጋ ግን የአንዱ ጫማ ጭቃ ይነካዋል፤ የሌላዋ እህል ውኃ ውስጥ አድሮ ይገኛል። ይህን ልዩነት በመረጃ እንዴት ቀድመን እንደምናየው ነው ዛሬ የምነግራችሁ።

ሁለት ካርታ አስቡ፤ አንዱ የውኃ፣ ሌላው የሰው።

የውኃውን ለመሥራት ብዙም አንቸገርም። ደቡብ ምዕራብ ከአገራችን ብዙ ዝናብ የሚያገኘው አካባቢ ነው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የጣቢያዎቹን ልኬት ከሳተላይት መረጃ ጋር ያዋህዳል። በነፃ የሚገኘው ቺርፕስ የተባለው መረጃም ከ1981 እ.ኤ.አ. ወዲህ የዘነበውን በየ5 ኪሎ ሜትሩ ከፍሎ ያሳያል። ለከተማ ግን 5 ኪሎ ሜትር ሰፊ ነው፤ ኮረብታውና ረባዳው በአንድ ቁጥር ይጠቃለላሉ። ስለዚህ በ2000 እ.ኤ.አ. ከጠፈር መንኮራኩር የተለካውን የመሬት ከፍታ እንጨምርበታለን። እሱ በየ30 ሜትሩ ስለሆነ፣ ውኃው በየትኛው ተዳፋት ወርዶ የት እንደሚጠራቀም ይጠቁመናል።

የሚያስቸግረው የሰው ካርታ ነው። አገራችን ሕዝቧን ለመጨረሻ ጊዜ የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ገና መቋቋሙ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት ተማሪ፣ ስንት ነጋዴ፣ ስንት የኪራይ ክፍል እንደተጨመረ አስቡት። ደግሞ ለቃሚው አለ። ቡናው ሲቀላ ወደ በበቃና ወደ ቴፒ የቡና እርሻዎች፣ ወደ ገበሬውም ማሳ ከሩቅ የሚመጣው የቀን ሠራተኛ፣ ስሙ ያለው በትውልድ ቀበሌው መዝገብ ላይ ነው። የሚያድረው ግን እዚህ ነው፤ ርካሽ ማደሪያ ደግሞ የሚገኘው ማንም ባልፈለገው መሬት ላይ ነው።

ድሬዳዋን አስታውሱ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ በገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ መሬት ተንሸራቶ እንዲሁ ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ። ከእነዚህ ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይሰበራል። ዝናብ የጠገበ ተዳፋት ዳግም ሊናድ እንደሚችል የሚነግራቸው አንድ ሰው ቢኖር!

እንዲህ ያለ አደጋ ማንን ይበልጥ እንደሚጎዳ ቀድሞ ለማየት የተሠራ ዘዴ አለ። አሜሪካዊቷ የጂኦግራፊ ምሁር ሱዛን ከተር ከባልደረቦቿ ጋር በ2003 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ዘዴ፣ ዕድሜን፣ ገቢን፣ የቤት ሁኔታንና ሌላውንም አጠቃልሎ ለየአካባቢው አንድ የተጋላጭነት ቁጥር ይሰጣል። የት ቀድመን እንመልከት ለሚለው ጥያቄ ይረዳል። እኔ ግን ድምሩን ብቻ ይዞ ከተማ ማቀድን አልቀበልም። ሁለት መንደሮች እኩል ቁጥር ሊያገኙ ይችላሉ፤ በአንዱ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት እናቶች፣ በሌላው አማርኛ በደንብ የማይሰሙ ለቃሚዎች አሉ። ለእናቶቹ በሌሊት በር አንኳኩቶ ደግፎ የሚያወጣ ጎረቤት መመደብ አለበት። ለለቃሚዎቹ ማስጠንቀቂያው በሚሰሙት ቋንቋ መድረስ አለበት። ቁጥሩ ይህን አይነግረንም፤ ከቁጥሩ በፊት የነበረው ዝርዝር ግን ይነግረናል። እባካችሁ ዝርዝሩን አትጣሉት።

አንድ የምፈራው ነገርም አለ። «አደገኛ ቦታ» ተብሎ ቀይ የተቀባ መንደር፣ ምትክ ቦታ ሳይዘጋጅ ለማፍረስ ምክንያት እንዳይሆን። ድሃ ከአንድ ተዳፋት ቢነሳ ሌላ ተዳፋት ላይ ነው የሚሰፍረው። መጀመሪያ ቦዩ ይጠረግ፣ ከኮረብታው ላይ ያለው ዛፍ ይጠበቅ፤ የግድ የሚነሳ ካለ ሥራው አጠገብ መሬት ይሰጠው።

ለሰው ካርታ የሚሆነው መረጃ ደግሞ እጃችን ላይ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ ማን አልጋ ላይ እንደዋለ፣ ማን ነፍሰ ጡር እንደሆነች ያውቃሉ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ጎርፉ የትኛው ግድግዳ ጋ እንደደረሰ በጣታቸው ያሳያሉ። በለቀማው ወር አንድ ምሽት በየማደሪያው ዞሮ የሚተኛውን መቁጠር የአንድ ቀበሌ የአንድ ሌሊት ሥራ ነው፤ ያም ቁጥር ከውኃው ካርታ ላይ በዚያው ሳምንት ሊቀመጥ ይችላል።