ሀገርህን በስሟ አንሳት
(ቦሌ ላይ ለተሰበሰቡ ወጣቶች የቀረበ ንግግር፣ ሙሉ ጽሑፍ)



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ፎቶ ነው። "አሁን ይሄ የፎቶ ጊዜ ነው እንዴ?" የሚል አይጠፋም። ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ወደ መቅደላ ሲገሰግስ ከመድፉና ከዝሆኖቹ ጋር ካሜራም ይዞ ነበር። የጦሩ መሐንዲሶች ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነስተው መቅደላ እስኪደርሱ በመንገዳቸው ያገኙትን ተራራና ሸለቆ እያነሱ ነው የመጡት። ከሀገራችን ቀደምት የመልክዓ ምድር ፎቶዎች መካከል እነዚህ ይገኙበታል። አስቡት እስኪ! ተራራችንን ለታሪክ ያስቀመጠልን ሊወጋን የመጣ ጦር ነው።

ታሪኩ ግን እዚህ ላይ አያበቃም። ከ140 ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች እነዚያን ፎቶዎች ይዘው ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ ሄዱ። ያኔ ፎቶ አንሺው የቆመባትን ቦታ ፈልገው፣ እዛችው ላይ ቆመው፣ ያንኑ ተራራ ደግመው አነሱት። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ምን ታየ? እኛ ስንሰማ ያደግነው "ድሮ ሁሉም ደን ነበር፣ ዛሬ ተራቁቷል" የሚለውን ነው። ባነጻጸሯቸው በብዙዎቹ ቦታዎች የታየው ግን ተቃራኒው ነው። ያኔ ራቁቱን የነበረ ተዳፋት ዛሬ ዛፍና ቁጥቋጦ ይዟል። አንዱ ምክንያት ገበሬው ድንጋይ ተሸክሞ የሠራው እርከንና ከብት እንዳይገባበት የከለለው ተራራ ነው።

ያን ሁሉ የገበሬ ላብ ማን መሰከረለት? ፎቶ! ግን ዝም ብሎ ቆንጆ የሆነ ፎቶ አይደለም። የት እንደተነሳና መቼ እንደተነሳ የሚታወቅ ፎቶ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። "ውቢቷ ሀገሬ" እያልን በየቀኑ የምንለጥፈው ፎቶ የት ነው? ማን አነሳው? መቼ? ብዙውን ጊዜ መልስ የለም። ተራራው የሌላ ሀገር ሆኖ ይገኝና ኮመንት ላይ መሳቂያ የሚሆን ገጽ ስንት አይተናል! የልጆቻችንን ፎቶ ስማቸውን ቆርጠን የምናዞረውም እኛው ነን። ፀሐይና ብርድ ተቀብሎ ያነሳውን ልጅ ስም አጥፍቶ ስለ ሀገር ፍቅር ማውራት አይሆንም። ሀገሬን እወዳለሁ የሚል ሰው ቢያንስ ስሟን ይጥራ።

እሺ፣ የት እንሂድ? እንደ ብዙዎቻችሁ እኔም ዲግሪዬን ይዤ ሥራ ፍለጋ ላይ ነኝ። ስለዚህ ከኪሳችን እንጀምር።

ቦሌ አራብሳ፣ ጎሮ ወይም አያት አካባቢ የምትኖሩ፣ የረርን ታውቁታላችሁ። በየቀኑ የምታዩት ተራራ ነው። በጠዋት ተነሱና ከሰፈራችሁ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ሆናችሁ አንሱት። የታክሲ እንኳን አያስወጣም። ትንሽ ያጠራቀመ ደግሞ ቢሾፍቱ ይሂድ፤ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሆራና ባቦጋያ የምንላቸው ሐይቆች የተኙት እሳተ ገሞራ በከፈተው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ለዚህ ነው ዳርቻቸው እንደ ድስት አፍ ክብ የሆነው። ይሄን ካወቃችሁ ከታች ሳይሆን ከጠርዙ ላይ ሆናችሁ ታነሳላችሁ።

ወደ ሰሜን ሸዋ ስትወጡ ጣርማ በር አለ። ደጋው በአንዴ ተቆርጦ ወደ ደብረ ሲና ቆላ የሚወርድበት ገደል ነው። እዛው አካባቢ "የምኒልክ መስኮት" የሚባለው ቦታ ላይ ቆማችሁ ጉም ከታች ሲወጣ ብታዩ ስልክ ማውጣቱንም ትረሳላችሁ። ከዛ መንዝ ጓሳ። ጓሳ ቦታው ብቻ ሳይሆን ሳሩም ነው፤ ቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚገመድበት። የመንዝ ሰው ቀሮ በሚባል የራሱ ሥርዓት ለመቶዎች ዓመታት ይሄን መሬት ሲጠብቅ ኖሯል። ለዓመታት ተዘግቶ ይቆያል፣ አጨዳው ሲፈቀድ ሁሉም በሥርዓቱ ያጭዳል። ሥርዓቱ በደርግ ጊዜ ፈረሰ፣ ሕዝቡ ግን መሬቱን አልተወም፤ ጥበቃውን በአዲስ መልክ መልሶ አቋቋመው። ዛሬ እዛ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ የምታነሱት አርሶ አደሩ ራሱን በራሱ ስለገዛ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ፎቶው ብቻውን አይናገርም፤ ከሥሩ የምትጽፉት ነው የሚናገረው።

ሰሜን ተራሮችን ማንም አይስተውም። በዩኔስኮ መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን ከመጀመሪያዎቹ የዓለም ቅርሶች አንዱ ነው። ከ1996 እስከ 2017 ግን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ እንደነበረ ስንቶቻችን እናውቃለን? ዋልያ በዓለም ላይ ሌላ ቤት የለውም። ዋልያ ካነሳችሁ ለውበቱ ብቻ አይደለም፤ መኖሩን እየመሰከራችሁ ነው።

ጢስ ዓባይስ? የድሮዋ የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ የነበረው ፏፏቴ እሱ ነው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ውሃው ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚወሰድ በበጋ ይቀጥናል። ሙሉ ሆኖ ማየት የሚፈልግ ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም ላይ ይሂድ። ሚያዝያ ላይ ሄዳችሁ "ፏፏቴው የታለ?" እንዳትሉ። ግን ሚያዝያ ላይ ከደረሳችሁም ቅጥነቱን አንሱት፤ እሱም እውነት ነው።

ባሌ ሂዱ። ሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ ሳነቴን አቋርጦ ሐረና ደን ውስጥ ይገባል። በአንድ ቀን ውርጭም ጥቅጥቅ ያለ ደንም ታነሳላችሁ። ፓርኩ የዓለም ቅርስ የሆነው በቅርቡ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ደቡብ ምዕራብ ሸዋ ወንጪ አለ፣ በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተኛ ሐይቅ። አፋር ዳሎል አለ፤ የዳናኪል ዝቅታ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል። አያቶቻችን የተገበያዩበት አሞሌ ጨው የተቆረጠው ከዚያ ምድር ነው። አይዳ ሙሉነህ ስለ ውሃ እጦት የሠራቻቸውን ፎቶዎች ያነሳችው ዳሎል ላይ ነው። አዲስ ፎቶ ፌስትን እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችውም እሷ ናት። የኛ ሰው በኛ ምድር ላይ ቆሞ ለዓለም መናገር እንደሚችል ማስረጃ ከፈለጋችሁ ይኸው።

"ካሜራ የለኝም" አትበሉኝ፤ ስልክ ይበቃል። መጀመሪያ ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት፤ ግማሹ የደበዘዘ ፎቶ የእጅ ወዝ ነው። ጠዋት ፀሐይ ከወጣች እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ድረስ፣ ማታ ከአስራ አንድ ሰዓት ጀምሮ እስክትጠልቅ አንሱ። ቀትር ላይ ጥላ ስለሌለ ተራራው ጠፍጣፋ ይሆናል። ደማቁን ሰማይ በጣት ነክታችሁ ብርሃኑን ዝቅ አድርጉት። ተራራው ትልቅ መሆኑ እንዲታወቅ ፊት ለፊት አንድ ነገር አስገቡ፤ ጎጆ፣ ዛፍ፣ በሬ የሚነዳ ሰው። ወሩንም ምረጡ። አደይ አበባ የሚፈልግ መስከረም፣ የጠራ ሰማይ የሚፈልግ ጥቅምትና ኅዳር። ከየካቲት በኋላ አቧራና ጭጋግ ሩቁን ይሸፍነዋል።

ሥርዓትም አለው። ሰው ከማንሳታችሁ በፊት "አባባ፣ ላንሳዎት?" "እማማ፣ ይፈቅዱልኛል?" በሉ። እምቢ ካሉ እምቢ ነው። ጭላዳን በዳቦ አታባብሉ። ድሮን ያለ ፈቃድ አታስነሱ፤ ኤርፖርትና የጦር ሰፈር አካባቢ ደግሞ ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ። መንገዱም ሁልጊዜ ሰላም አይደለም። ከመነሳታችሁ በፊት እዛው ለሚኖር ሰው ደውሉ፣ "ቆዩ" ካላችሁ ቆዩ። ከፎቶ ሕይወት ይበልጣል።

"ይሄ እንጀራ ይሆናል?" ለምትሉኝ፣ አልዋሻችሁም። ተራራ ብቻ አንስቶ የሚበላ ጥቂት ነው። እንጀራው ያለው ሠርግና ምርቃት ላይ ነው። ግን ብርሃን ማየት የተማረ ዓይን ሠርጉንም ያውቅበታል፤ ብዙ አንሺዎች የጀመሩት እንዲሁ ነው።

የቤት ሥራ ልስጣችሁና ላብቃ። እያንዳንዳችሁ አንድ ቦታ ምረጡ፤ በእግር የምትደርሱበት ይሁን። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ እዛችው ላይ ቆማችሁ፣ ያንኑ አንሱ። የረር ይሁን፣ የሰፈራችሁ ወንዝ ይሁን፣ የአያታችሁ መንደር ሐይቅ ይሁን። ከሥሩ አራት ነገር ጻፉ፦ የአካባቢው ሰው ቦታውን የሚጠራበትን ስም፣ ወረዳውን፣ ቀኑን፣ የራሳችሁን ስም። ስሙ በአፋርኛ ከሆነ በአፋርኛ፣ በኦሮምኛ ከሆነ በኦሮምኛ ጻፉት፤ የሰው አገር ስም አንቀይርም። ከዛ አማርኛ ዊኪፔዲያን ክፈቱና የወረዳችሁ ገጽ ፎቶ ካጣ ፎቷችሁን ስጡት።

በዓመቱ አስራ ሁለት ፎቶ ይኖራችኋል። ደኑ ተቆርጦ እንደሆነ፣ ወንዙ ቆሽሾ እንደሆነ፣ ወይ ደግሞ ገበሬው የተከለው ችግኝ ጸድቆ እንደሆነ አስራ ሁለቱ ይናገራሉ። ያኔ "ማን አየ?" ሲባል የሚመልስ አለ። ነገ ከ140 ዓመት በኋላ አንድ የልጅ ልጃችሁ እናንተ የቆማችሁባትን ድንጋይ ፈልጎ ይቆምባታል። በዚያን ጊዜ በእጁ የሚይዘው ፎቶ የእንግሊዝ ጦር ያነሳው አይሁን፤ የእናንተ ይሁን፣ ስማችሁም ከሥሩ ይጻፍ።

የመጀመሪያውን ፎቶ ከአራቱ መረጃዎች ጋር ኮመንት ላይ እጠብቃለሁ።