በድልድዩ ላይ የተጻፈው ስም

 

የዛሬው ንግግራችን ስለ አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ከተማዋ ሴልማ ትባላለች። ያለችው በአሜሪካ ደቡብ፣ አላባማ በሚባለው ግዛት ነው። በ2020 የሕዝቧ ቁጥር 18 ሺህ ያህል ነበር። አገሯ ሩቅ ነው፤ ጉዳይዋ ግን ለእኛ ሩቅ አይደለም። ለምን ቢባል፣ ጉዳዩ የፊደል ጉዳይ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እነግራችኋለሁ።

ሴልማ በወንዝ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት። በአካባቢዋ ጥጥ ይመረት ነበር። ጥጡን የሚለቅሙት በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ነበሩ። በጥጡ የከበሩት ሰዎች ባለ ዓምድ ትልልቅ ቤቶች ሠሩ። ከነዚህ አንዳንዶቹ ዛሬም ቆመው ይጎበኛሉ።

ባርነት በ1865 በሕግ ቀረ። በ1901 ግን የአላባማ ባለ ሥልጣኖች ሌላ መላ ፈጠሩ። «ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው አይመርጥም» የሚል ሕግ አወጡ። ሲሰሙት ደግ ሕግ ይመስላል አይደል? ተንኮሉ ያለው ፈታኙ ላይ ነው። ፈታኙ ነጭ ነው። ጥቁር ሰው ሲመጣ ጥያቄው ይከብዳል። ደህና አድርጎ ቢመልስ እንኳ «ወድቀሃል» ሊባል ይችላል። ቢሮውም በወር የሚከፈተው 2 ቀን ብቻ ነበር። ለመመዝገብ የሄደ ሰው ደግሞ ከሥራው ሊባረር ይችላል። በዚህ ምክንያት ሴልማ ባለችበት አውራጃ፣ ዕድሜያቸው ለመምረጥ ከደረሰ 15 ሺህ ያህል ጥቁሮች መካከል፣ 1965 ሲገባ የተመዘገቡት ከመቶ 3 እንኳ አይሞሉም ነበር።

እኛ ፊደል ብርሃን ነው እንላለን። እዚያ ግን ፊደልን አጥር አደረጉት።

ታዲያ ሰዎቹ ምን አደረጉ? ተሰብስበው የምዝገባውን ቅጽ አሞላል ተማሩ። በዚህ ሥራ ብዙ ከደከሙት አንዷ ወይዘሮ አሚሊያ ቦይንተን ናቸው። ጃንዋሪ 22 ቀን 1965 ደግሞ ከ100 በላይ ጥቁር አስተማሪዎች ለመመዝገብ ወደ ፍርድ ቤቱ ሕንፃ ተሰለፉ። «ብንታሰርም እንታሰር» ብለው የጥርስ ብሩሽ ይዘው ነበር። ፖሊሶች በዱላ እየገፉ ከደረጃው አወረዷቸው። እስቲ አስቡት! ልጆችን ፊደል የሚያስቆጥር መምህር የመራጮች መዝገብ ተከለከለ።

በሚቀጥለው ወር ጂሚ ሊ ጃክሰን የተባለ የ26 ዓመት ወጣት በሴልማ አቅራቢያ በፖሊስ ጥይት ተመታና ሞተ። ሕዝቡም «እስከ ግዛቱ ዋና ከተማ እስከ ሞንትጎመሪ በእግራችን ሄደን አቤት እንበል» አለ። መንገዱ 87 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ማርች 7 ቀን 1965፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 28 ቀን 1957፣ ዕለቱ እሑድ ነበር። 600 ያህል ሰዎች ብራውን ቻፕል ከሚባለው ቤተ ክርስቲያን ተነሡ። ከመሪዎቹ አንዱ የ25 ዓመቱ ጆን ሉዊስ ነበሩ። ሰልፈኞቹ በወንዙ ላይ ያለውን የብረት ድልድይ ተሻገሩ። ማዶ ፖሊሶች ቆመው ጠበቋቸው። በዱላ ደበደቧቸው፤ አስለቃሽ ጢስ ለቀቁባቸው፤ በፈረስ አሳደዷቸው። ወይዘሮ አሚሊያ ተደብድበው ራሳቸውን ሳቱ። የጆን ሉዊስ ጭንቅላት ተፈነከተ።

ይህን በቴሌቪዥን ያየ ሕዝብ ተቆጣ። ማርች 21 ቀን ሰልፈኞቹ በወታደር ተጠብቀው እንደገና ተነሡ። በ5ኛው ቀን ሞንትጎመሪ ሲገቡ 25 ሺህ ያህል ሆነው ነበር። ኦገስት 6 ቀን 1965 ፕሬዚደንት ጆንሰን አዲስ የምርጫ ሕግ ፈረሙ። ያ የተንኮል ፈተና በሴልማ ቀረ።

ዛሬ ድልድዩም ቤተ ክርስቲያኑም በአሜሪካ የታሪክ ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል። በድልድዩ ላይ ግን በትልልቅ ፊደል «ኤድመንድ ፔተስ» ተብሎ ተጽፏል። ይህ ሰው ማነው? ባርነት እንዳይቀር የተዋጋ የጦር አዛዥ ነው። «ስሙ ይነሣ» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ጆን ሉዊስ ግን በዚያ ድልድይ ተደብድበው ሳለ፣ በ2015 «ስሙ አይቀየር» ብለው ጻፉ። ስሙ ከጠፋ ታሪኩም ይሸፈናል ማለታቸው ነው። በ2020 ሲያርፉ አስከሬናቸው በፈረስ ጋሪ ሆኖ በዚያው ድልድይ ተሻገረ። በ1965 ፈረስ አሳደዳቸው፤ በ2020 ፈረስ በክብር ሸኛቸው።

አድማጮቼ፣ ቅርስ ማለት የሚያኮራ ነገር ብቻ አይደለም። ያሳመመንም ነገር ቅርስ ነው። የሚጠቅመው ግን አንብቦ «ይህ የማን ስም ነው? ማን ጻፈው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሲኖር ነው።

እንግዲህ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። በአካባቢያችሁ ባለ ድልድይ፣ ትምህርት ቤት ወይም አደባባይ ላይ የተጻፈውን ስም ራሳችሁ አንብቡ። የማን እንደሆነ ሽማግሌዎችን ጠይቁ። የነገሯችሁን በደብተራችሁ ጻፉ። ሦስት መስመር ይበቃል። ያ ጽሑፍ ለልጆቻችሁ ቅርስ ይሆናል።

ደህና ሁኑ። በርትታችሁ ተማሩ።