አዲሱን ላፕቶፕ ለሥራ ማዘጋጀት



ማኅበራችሁ ቦሌ ሩዋንዳ ሰፈር ከሚገኝ ሱቅ የገዛው ላፕቶፕ ይኸውና። የእህሉ ሒሳብ ከእንግዲህ የሚጻፈው በዚህ ላይ ነው። አሁን ግን ቀንበርና ሞፈር እንደሌለው በሬ ነው፤ ጉልበት አለው፣ አያርስም። ጉልበቱን ከሥራ የሚያገናኘው ሥርዓተ ክወና የሚባለው ነው።

ሻጩ «ዊንዶውስ በነጻ እንጭንላችሁ» ብሎ ነበር። ዊንዶውስ የማይክሮሶፍት ኩባንያ ንብረት ነው፤ ፈቃዱ በገንዘብ ይገዛል። ሳይከፈልበት የተገለበጠው ብዙ ጊዜ ቫይረስ ይዞ ይመጣል። ቫይረስ ደግሞ እንደ ነቀዝ ነው፤ ጎተራው ውስጥ ከገባ ወዲያ ሒሳቡን ይበላዋል።

እኛ የመረጥነው ሊኑክስን ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ጀመረው፤ ያን ጊዜ ዕድሜው 21 ነበር። ሥራውን ሳይደብቅ ለሁሉም ስለ ሰጠ በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች በደቦ አሳደጉት። እንደ አገር ዘር ነው። ትዘራላችሁ፣ ለጎረቤትም ትሰጣላችሁ፤ ከልካይ የለም። እዚህ የምንጭነው ዓይነት ኡቡንቱ ይባላል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንጠንቀቅ። በላፕቶፑ ውስጥ የተጻፈ ነገር ወይም ፎቶግራፍ ካለ ወደ ሌላ ፍላሽ ይገልበጥ። ዲስኩን አጥፍቶ ለመጫን ከታዘዘ በኋላ የጠፋው አይመለስም። መብራትም ይሄዳልና ባትሪው አስቀድሞ ይሙላ።

ከዚያ ኡቡንቱ የተጫነበት ፍላሽ ይሰካል። ላፕቶፑ ሲበራ ኤፍ 12 ወይም ኤፍ 2 የሚለውን ቁልፍ ደጋግሞ መንካት ነው፤ ቁልፉ እንደ ሥሪቱ ይለያያል። ቶሎ አትጫኑት። ሳይጫን መሞከር ይቻላልና ድምፁና ዋይፋዩ መሥራታቸው ይታይ። በሬስ ሳይጠመድ ይገዛል እንዴ?

ሲጫን የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ይህን ሁለት የኮሚቴ አባላት ይወቁት። አንድ ሰው ብቻ ይዞት ቢታመም ወይም ቢሰደድ የማኅበሩ መዝገብ ተቆለፈ ማለት ነው።

የአማርኛው ትርጉም ገና ስላልተሟላ አንዳንድ ቃል በእንግሊዝኛ ይመጣል፤ አትደናገጡ። የአማርኛ የፊደል ገበታ ከማስተካከያው ሲመረጥ በገዛ ፊደላችን ይጻፋል። ሊብሬ ኦፊስ የሚባለው የጽሕፈትና የሒሳብ ፕሮግራምም ያለ ክፍያ ይገኛል።

ተጭኖ ሲያበቃ ፍላሹ ይነቀላል፤ ላፕቶፑም ጠፍቶ ይበራል። ፍላሹን ግን አትጣሉት፤ የጎረቤት ቀበሌ ማኅበርም ላፕቶፕ ገዝቷል።