በኢቃማ ቁጥራችሁ ስለሚመዘገብ ዕዳ
(ለውል ሠራተኞች በሪያድ የተደረገ ንግግር)



ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ በዚህ አገር ከባንክ ገንዘብ ተበድረው አያውቁም። ስለዚህ «የብድር መዝገብ» ሲባል የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስላቸዋል። ዛሬ የምንነጋገረው ግን ሳይበደሩም ስለሚመዘገብ ዕዳ ነው።

በሳዑዲ ዓረቢያ የብድር መረጃ የሚሰበስበው «ሲማ» የተባለው ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የተመሠረተ ሲሆን፣ ዘርፉን የሚገዛው የብድር መረጃ ሕግ በ2008 ወጥቷል። መረጃ የሚያቀብሉት ባንኮች ብቻ አይደሉም፤ የስልክ ኩባንያዎችና መኪና በየወሩ ክፍያ የሚሰጡ ድርጅቶችም አሉበት። መዝገቡ የሚለያችሁ በኢቃማ ቁጥራችሁ ነው።

ችግሩ የሚጀምረውም ከዚህ ነው። አንዲት እህታችን ኢቃማ ለሌለው የአገሯ ልጅ በስሟ ወርኃዊ ክፍያ ያለው የስልክ መስመር አውጥታ ሰጠችው። ሰውየው ጥቂት ወራት ከፈለ፤ ከዚያም ጠፋ። ከዓመት በላይ ቆይቶ ለራሷ የኢንተርኔት መስመር ስትጠይቅ ተከለከለች። «እኔ የማንም ዕዳ የለብኝም» ስትል የተናገረችው ከልቧ ነበር። ይሉኝታ እንደሚከብድ እናውቃለን፤ በመንፉሃም ሆነ በበጣሓ «በስምሽ አውጪልኝ» የሚል አይጠፋም። ቢሆንም አትስጡ። የቅድመ ክፍያ ሲም እንኳ ዕዳ ባያመጣ፣ በእርሱ ማጭበርበር ቢፈጸም መጀመሪያ የሚፈለገው ባለ ኢቃማው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። «ስሜ ሲማ ውስጥ ስላለ ከአገር አያስወጡኝም» የሚሉ ወገኖች ያጋጥሙናል። ሲማ ማንንም ከጉዞ አያግድም፤ የእርሱ መዝገብ ስልክ፣ መኪና ወይም ብድር ስትጠይቁ የሚታይ ነው። ጉዞ የሚያግደው ባለ ገንዘቡ ጉዳዩን ወደ አፈጻጸም ፍርድ ቤት ሲወስደውና ዳኛው ሲያዝ ነው። የባንክ ሒሳብም በዚያው ሊታገድ ይችላል። ለዚህ ከሁሉ የፈጠነ መንገድ የሚከፍተው «ሰነድ ለአምር» የሚባለው የክፍያ ግዴታ ወረቀት ነው፤ ባለ ገንዘቡ ዕዳው ከየት እንደ መጣ የሚመረምር ክስ ሳያስፈልገው በቀጥታ ለአፈጻጸም ያቀርበዋል። በኢጃር መድረክ የተመዘገበ የቤት ኪራይ ውልም እንዲሁ ሊፈጸም የሚችል ሰነድ ነው። ስለዚህ በዓረብኛ የተጻፈና ያልተነበበላችሁን ወረቀት፣ ይልቁንም የገንዘቡ ቦታ ባዶ የሆነውን፣ የሚያቀርበው ማንም ይሁን ማን አትፈርሙ።

ምን ልታደርጉ ትችላላችሁ? በመጀመሪያ በኢቃማችሁ ስንት የስልክ መስመር እንደ ወጣ ተመልከቱ፤ የመገናኛ ባለሥልጣኑ «አርቃሚ» የተባለ አገልግሎት ለዚሁ አለው። የማታውቁትን መስመር በኩባንያው ቢሮ አዘጉ። የሲማ ሪፖርታችሁን በስልክ መተግበሪያው ማየት፣ የተሳሳተም ካለ መቃወም መብታችሁ ነው። ዕዳው በእርግጥ የእናንተ ከሆነ ከከፈላችሁ በኋላ «ሙኻለሳ» የተባለውን የነጻነት ወረቀት ሳትቀበሉ አትመለሱ። ከፍላችሁም ቢሆን ታሪኩ ወዲያው አይፋቅም፤ «ተከፍሏል» ተብሎ ለተወሰነ ጊዜ ይቆያል።

ወደ አገር ለመመለስ የምታስቡ ደግሞ ኹሩጅ ከመጠየቃችሁና ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት በፍትሕ ሚኒስቴር «ናጂዝ» መድረክ የአፈጻጸም ጥያቄ እንዳለባችሁ አረጋግጡ። የትራፊክ ቅጣት ያለበትም አስቀድሞ በአብሸር ይክፈል።

ስልክ ደውሎ «በናፋዝ ይህን ቁጥር ምረጥ» የሚላችሁን ሰው አትታዘዙ። ያ ቁጥር የእናንተ ፊርማ ነው፤ በእርሱ ብድር ሊወሰድባችሁ ይችላል።

በሰው ቤት የምትሠሩና አብሸራችሁ በእጃችሁ የሌለ እኅቶች፣ የኢቃማችሁን ቅጂ፣ ያላችሁን ደረሰኝ ሁሉ፣ የደረሳችሁንም የስልክ መልእክት ሳታጠፉ ይዛችሁ ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ክፍላችን ኑ፤ መልእክቱን አብረን እናነበዋለን።