የተራራ ቢስክሌት አመራረጥ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገር ሲፈቀድልን ስለ ዕውቀት ጥቅም ወይም ስለ ወጣቶች ተግባር የምንናገር መስሏችሁ ይሆናል። እኛ ግን የምንናገረው ስለ አንድ ቢስክሌት ነው። እርሱም በዚህ አዳራሽ በር ቆሞ ስትገቡ ያያችሁት ነው። ቀለሙ እዚህም እዚያም መላጡን አይታችሁ «ተመራቂዎቹ ለበዓሉ ያመጡት ስጦታ ይህ ነውን?» ብላችሁ እንደ ሆነ አንቀየምም፤ እኛም በዚሁ ነገር ሦስት ሳምንት ሙሉ ተከራክረናል። ስለዚህ እንዴት እንደ መረጥነው ልናስረዳችሁ እንወዳለን።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። አምና ከጓደኞቻችን አንዱ ብዙ ጊዜ ባጠራቀመው ገንዘብ አዲስ የተራራ ቢስክሌት ገዛ። ከፊትም ከኋላም ስፕሪንግ ያለው፥ የሚያብለጨልጭ፥ በቴላዮው ላይ በትልልቅ ፊደል ስም የተጻፈበት ነበር። እውነቱን ለመናገር ሁላችንም ቀናንበት። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወርድ ፍሬኑን ቢጨብጥ ሽቦው ከመያዣው ሾልኮ ወጣ። ጓደኛችንም ከመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ ገብቶ ቀኝ ክንዱ ተሰበረ፤ የዚያን መንፈቅ ዓመት ፈተናም ሳይፈተን ቀረ።

ወደ ሸጠለት ሰው ብንሄድ «እኔ ሻጭ ነኝ እንጂ ሠሪ አይደለሁም» አለን። ሠሪውን ብንፈልግ ደግሞ ከተጻፈው ስም በቀር አድራሻም ሆነ መለያ ቁጥር አላገኘንም። ስሙ ትልቅ ነበረ፤ ለስሙ መልስ የሚሰጥ ሰው ግን አልነበረም።

ስለዚህ ዘንድሮ ለታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የቢስክሌት ማኅበር ስጦታ እንዲሆን ገንዘብ ባዋጣን ጊዜ፥ ሁላችንም ስለ ቢስክሌት ምንም የማናውቅ ጀማሪዎች ስለ ነበርን፥ አስቀድመን እንመርምር ተባባልን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ አባቶቻችን። የቢስክሌትን ስም ግን ነጋዴ ያወጣዋል፤ ነጋዴም ይሸጠዋል፥ ይለውጠዋል። ይህን የተማርነው ከታሪኩ ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንናገራለን።

ቢስክሌት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1956 በሜልቦርን አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ጨዋታ ስትካፈል ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞቿም ነበሩ። በተራራ ላይ የሚነዳው ቢስክሌት ግን የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው። በ1970ዎቹ በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ፥ ማሪን በተባለ አውራጃ የሚኖሩ ወጣቶች፥ ባለ ወፍራም ጎማ የሆኑ አሮጌ ቢስክሌቶችን እየጠገኑ ከተራራ ቁልቁል ይነዱ ጀመር። በ1976 በጥቅምት ወር ውድድር አደረጉ። መንገዱ ከ3 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ነገር ግን በዚያ አጭር መንገድ ወደ 400 ሜትር ያህል ይወርዳል። የቢስክሌቶቹ ፍሬን በኋላው ጎማ እምብርት ውስጥ ያለ፥ ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዝ ነበር። ቁልቁለቱ ሲበዛበት ይግልና ግራሶው ጢስ ሆኖ ያልቃል። ከወረዱ በኋላ ፈትቶ አዲስ ግራሶ መሙላት ግድ ስለ ነበር፥ መንገዱን «ሪፓክ» አሉት፤ እንደ ገና መሙላት ማለት ነው።

እንግዲህ የፍሬን ነገር ከተራራ ቢስክሌት ታሪክ ጋር ከመጀመሪያው የተያያዘ መሆኑን ልብ በሉ። ከእነዚያ ወጣቶች አንዱ ጆ ብሪዝ በ1977 ለዚሁ ሥራ የሚሆን ቴላዮ በእጁ ሠራ። በ1979 ጋሪ ፊሸርና ቻርሊ ኬሊ፥ ቶም ሪቺ በሚሠራው ቴላዮ እየተጠቀሙ፥ የተራራ ቢስክሌት የሚሸጥ ድርጅት አቋቋሙ። በ1981 ስፔሻላይዝድ የተባለው ኩባንያ ስተምፕጀምፐር የሚለውን ቢስክሌት በብዛት አሠርቶ ለገበያ አቀረበ። በ1996 ደግሞ የተራራ ቢስክሌት ውድድር በአትላንታ ከኦሎምፒክ ጨዋታዎች ጋር ተቈጠረ።

አሁን ወደ ስሞቹ እንመለስ። ሽዊን የሚባለው ስም በ1895 በቺካጎ የተቋቋመ ስመ ጥር ኩባንያ ነበር። ነገር ግን በ1992 ከሰረ፥ በ2001 ሁለተኛ ከሰረ፤ ስሙም ከባለቤት ወደ ባለቤት ተላለፈ። በታይዋን አገር በ1972 የተቋቋመው ጃያንት ለሽዊንና ለሌሎች እየሠራ ካደገ በኋላ በራሱ ስም የሚሸጥ ሆነ። በዚያው አገር በዚያው ዓመት የተቋቋመው ሜሪዳ በ2001 ከስፔሻላይዝድ ሀብት ግማሽ የሚያህለውን ድርሻ ገዛ። በ1976 በዊስኮንሲን የተጀመረው ትሬክም በ1993 የጋሪ ፊሸርን ስም ገዝቶ ከራሱ ጋር ቀላቀለው። ማርሹና ፍሬኑም ብዙውን ጊዜ የሌላ ሠሪ ሥራ ነው፤ በ1921 በጃፓን በሳካይ ከተማ የተቋቋመው ሺማኖና በ1987 በቺካጎ የተቋቋመው ስራም ለብዙ ባለ ስሞች ያቀርባሉ። ስለዚህ በቴላዮው ላይ የተጻፈው ስም ስለ ቢስክሌቱ ሁሉን ነገር አይነግረንም።

ታዲያ ስም ከንቱ ነውን? አይደለም። በ2015 ትሬክ፥ የፊት ጎማውን የሚያጠብቀው ማንሻ ከዲስክ ፍሬኑ ጋር ሊጠላለፍ ይችላል ብሎ፥ በአሜሪካ ብቻ ወደ 900,000 የሚጠጉ ቢስክሌቶች እንዲታረሙ ጥሪ አደረገ። መጀመሪያ ይህን ስናነብ ኩባንያውን ከዝርዝራችን ልንሰርዘው ቃጥቶን ነበር። በኋላ ግን የጓደኛችንን ነገር አሰብንና ሐሳባችን ተለወጠ። መልካም ስም ማለት የማይሳሳት ማለት አይደለም፤ ስሕተት በተገኘ ጊዜ «የእኔ ነው፥ አምጡት» የሚል ሰው ያለው ማለት ነው። እኛም ከዚያ ቀን ጀምሮ «ከሁሉ የሚበልጠው ስም የቱ ነው?» ማለትን ትተን «ለዚህ ዕቃ ማን ይጠየቃል?» ማለትን ያዝን።

ነገር ግን ሠሪው ሩቅ አገር ነው፤ ጥሪው ሁልጊዜ እኛ ዘንድ አይደርስም። በቅርብ የሚጠየቀው ጠጋኙ ነው። ስለዚህ በሠፈራችን ብዙ ዘመን ቢስክሌት ሲጠግኑ ወደ ኖሩ አንድ ሽማግሌ ሄድን። «አባባ፥ የትኛውን ስም እንግዛ?» ብለን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም ሣቅ ብለው «ልጆቼ፥ ስሙን ተዉትና ገልብጡት» አሉን። ከእርሳቸውና ከንባባችን ያገኘነው ምክር ይህ ነው።

አንደኛ፥ ቢስክሌቱ ሲገለበጥ ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት ሥር የተቀረጸ መለያ ቁጥር ይፈለግ። ስሙም ፊደል በፊደል ይነበብ፤ የታወቀ ስም አንድ ፊደል ተለውጦ ሊጻፍ ይችላልና።

ሁለተኛ፥ ልኩ ይታይ። ነጂው አግዳሚውን ብረት በእግሮቹ መካከል አድርጎ መሬት ሲረግጥ ብረቱ ሊነካው አይገባም። ልኩ ያልሆነ ቢስክሌት የቱንም ያህል ስም ቢኖረው አይጠቅምም።

ሦስተኛ፥ ጀማሪ በኋላው ስፕሪንግ አይታለል። በውድ ቢስክሌት ላይ መልካም ነገር ነው፤ በርካሹ ላይ ግን ክብደት ይጨምራል፥ የሚላላ መጋጠሚያ ያበዛል። ደግሞም መልኩ የተራራ የሆነ፥ የሠሪው መመሪያ ግን «ከጥርጊያ መንገድ ውጭ አይነዳም» የሚል ቢስክሌት አለና መመሪያው ይነበብ።

አራተኛ፥ ፍሬኑ በኃይል ይጨበጥ፤ ሽቦውና ብሎኑ ይታይ። ጎማዎቹ ይሽከርከሩ፤ ቸርኬው ከተወላገደ ወይም ጎማው ወደ ጎን ሲገፋ ከተንገዳገደ ይጠየቅ።

አምስተኛ፥ መለዋወጫው በከተማችን መኖሩ ይረጋገጥ። ቀድሞ የተራራ ቢስክሌት ጎማ 26 ኢንች ነበር፤ ዛሬ አዳዲሶቹ በብዛት 27.5 ወይም 29 ናቸው። የምንገዛው ለሚነዱት ልጆች ነውና፥ ካላማዳሪው ቢፈነዳ በማግሥቱ የሚተካ መሆን አለበት።

በመጨረሻ ሁለት ቢስክሌቶች ቀሩልን። አንዱ አዲስ፥ ሁለት ስፕሪንግ ያለው፥ ሠሪው የማይታወቅ ነበር። ሁለተኛው ያገለገለ፥ ከፊት ብቻ ስፕሪንግ ያለው፥ መለያ ቁጥሩ የሚነበብ፥ ሠሪው የታወቀ ነበር። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ከክፍላችን እኩሌታው «ለበዓል ያረጀ ዕቃ ማምጣት ነውር ነው፤ ወላጆች ምን ይሉናል?» አለ። ነገሩም ቀላል አልነበረም፤ ሰው በእንግዳ ፊት ማፈርን ይፈራልና። ክርክሩ ሲጠና ክንዱ የተሰበረው ጓደኛችን ተነሥቶ «እኔ አዲሱን ነድቼዋለሁ» ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የተናገረ የለም፤ ድምፅ ስንሰጥም ያገለገለው ተመረጠ።

ሽማግሌው የፍሬኑን ሸራና ሽቦዎቹን ለወጡልን፥ ካቴናውን አጠቡልን፥ ቸርኬውንም አቀኑልን። በተረፈው ገንዘብ ሁለት የራስ ቁር፥ አንድ መንፊያና አራት ካላማዳሪ ገዛን። የሠሪውን ስም በዚህ መድረክ አንጠራም፤ ንግግራችን ማስታወቂያ እንዳይሆንብን ነው። የሚፈልግ ግን በሩ ላይ ያነበዋል፤ ካነበበም በኋላ ይገልብጠው።

ውድ ታናናሾቻችን ሆይ፤ ይህን ቢስክሌት ስትረከቡ ከቁልቁለት በፊት ሁልጊዜ ፍሬኑን ጨብጡ፤ ያለ ራስ ቁር አትንዱት፤ በየወሩም ወደ ሽማግሌው ውሰዱት።

እኛም በቅርቡ ከዚህ ግቢ እንወጣለን። በየደረስንበት ሰዎች «የየት ትምህርት ቤት ልጆች ናችሁ?» ይሉናል፤ እኛም የዚህን ትምህርት ቤት ስም እንናገራለን። ስሙ ከእኛ በፊት በነበሩት ሥራ የከበረ ነው። ከእኛ መካከል አንዱ ቢሳሳት «የእኔ ነው፥ አርመዋለሁ» እንዲል እንጂ በስሙ እንዳይሸሸግ ቃል እንገባለን።